ሳሙና ሊገዛ የሄደው ሰው

ጥቅምት 9

እህት ዓለም፣

መጽሐፍ ጽፌ ጨርሻለሁ። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ፤ እንዳንቺ ያለች አሳታሚ እንዲህ ያለ ወሬ በየቀኑ አይደርሳትም። እርግጥ መጽሐፍ ስልሽ ገና አልወፈረም። እውነቱን ለመናገር ሦስት ገጽ ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ደግሞ የጫማ ሥዕል ነው። ግን ዋናው መጀመር ነው፣ የቀረውን ጊዜ ያገኘ ሰው ሁሉ ይሞላዋል።

የማታውን ትምህርት ጨረስኩ። አንደኛ ወጥቻለሁ። አስተማሪያችን ያለችው "ዕድሜያቸው ከአርባ በላይ ከሆነ ወንዶች አንደኛ" ነው። ከአርባ በላይ የነበርነው ወንዶች እኔና አንድ ዘበኛ ነን፤ እሱም የፈተናው ቀን ተረኛ ሆኖ ቀረ። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ይህን ደብዳቤ እንደ ድሮው ጎረቤቴ ሰዓት ጠጋኙ አልጻፈልኝም። ራሴ ነኝ የጻፍኩት። እሱ ከሥራ ያባረርኩት ያህል አኩርፏል። "እኔ ስጽፍልህ ደብዳቤህ አጭርና ጨዋ ነበር" ይለኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ነው የሚያስቸግራት። ስልኩ ደግሞ አልተበላሸም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ባለፈው እሁድ ስትደውዪ እዚያው ነበርኩ። ድምፅሽን ሰማች፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ትንሽ አቆየችው፣ ከዚያ እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። "ማነው?" አልኳት። "የተሳሳተ ቁጥር ነው" አለችኝ። በተሳሳተ ቁጥር እንዲህ የሚያዝን ሰው አይቼ አላውቅም።

ክሊኒኩን ከተውሽ ሁለት ዓመት አለፈው፤ እሷ ግን ዛሬ ጠዋት የተውሽው ነው የሚመስላት። "የሰው ልብስ አጥቤ ነርስ ያደረግኳት ልጅ ወረቀት ልትቸረችር ሄደች" ትላለች። ይህን የምትለው ለእኔ ብቻ ነው። ለጎረቤት ሲሆን "ልጄ ትልቅ ቦታ ናት" ነው የምትለው።

እማዬ ሳትሰማው አላስጠርዘውም ስላልሽው መጽሐፍ የጻፍሽልኝን አንብቤዋለሁ። ምስጢርሽ ከእኔ አልወጣም። (ሰዓት ጠጋኙ የረዳኝ አንዲት ቃል ላይ ብቻ ነው። "እንደምታስታውሰው" የምትል ነበረች፤ ረዝማብኝ ነው።) እንግዲህ በስልክ ልታነቢላት አትችዪም፤ ትዘጋብሻለች። ለእኔ ላኪልኝ፣ አነብላታለሁ። እኔን መዝጊያ የላትም። አንዳንድ ቦታው ያሳዝናል ያልሽውን ለእኔ አታስቢ። ባለፈው ወር ጫማ ስሰፋ ወስፌ አውራ ጣቴን በስቶ ሲወጣ እያፏጨሁ ነበር፤ ደንበኞቼን ጠይቂ።

ወንድምሽ፣ አሁን ፊርማ ያለው

*

ጥቅምት 24

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ አራሚያችን ፊት ነው። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፣ የምናሳትመውን ሁሉ እሷ ናት የምታርመው፤ ጽሑፍ ባየች ቁጥር ቀይ እስክሪብቶዋ ብቻውን ይነሳል። ደብዳቤህ ላይ ልታሳርፈው ስትል ነጠቅኳት። "ይሄ አይነካም" አልኳት።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ነበር። ያሉን ሁለት ክፍሎች ከፍራሽ ቤቱ ፎቅ ላይ ናቸው። ከታች ጥጥ ሲነድፉ ብናኙ በደረጃው ይወጣና መጻሕፍቱ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ከመሸጣችን በፊት እናራግፋቸዋለን። ዘንድሮ ሁለት መጽሐፍ አወጣን። አንዱ ግጥም ነው፣ ገጣሚው ራሱ እያዞረ ይሰጠዋል፤ እየሸጠው ይሁን እየለመነበት እስካሁን አላወቅንም። አንዱ ስለ ንብ ማነብ ነው፤ እኛን የሚያኖረን እሱ ነው። ሰው ግጥም ሳያነብ ይኖራል፣ ንቡ ሲጠፋበት ግን መጽሐፍ ይገዛል።

ከደብዳቤህ ጋር የመጣውን ሦስት ገጽህን አነበብኩ። ለጸሐፊዎቼ ሁሉ የምለውን ላንተም ልበልህ። የመጀመሪያውን ገጽ ጣለው፤ ማንም ቢሆን የመጀመሪያውን ገጽ የሚጽፈው እጁን ለማሟሟቅ ነው። "እጅግ በጣም" የሚለውን አውጣና ዓረፍተ ነገሩ ይወድቅ እንደሆነ እይ። ሰዓት ጠጋኙ የተናገረውን የጻፍክበት ቦታ ግን በጣም ያምራል፤ የሰማኸውን ጻፍ። ደግሞ እንደማውቅህ ጨው ትጨምራለህ። ለአንባቢ የፈለግከውን ፍጠርለት፤ ለአሳታሚህ ግን የትኛውን እንደፈጠርክ ንገራት።

አሁን ወደ መጽሐፉ። አንዲት ልብስ አጣቢ ሁለት ልጆቿን ስታሳድግ ነው ታሪኩ። እማዬ ናት። እሷ መሆኗን ማንም አያውቅም፤ ከእሷ በቀር። ለጸሐፊዎቼ የምሰጠው ሌላ ምክር አለ፤ በሕይወት ስላለ ሰው ከጻፋችሁ ሳይወጣ በፊት ያ ሰው ይስማው እላቸዋለሁ። ለሰው ስናገረው ቀላል ነበር። የራሴ ተራ ሲደርስ ፈርቼ አስቀድሜ አሳተምኩት። አሁን የታተመው ሉክ ወረቀት ክፍሌ ጥግ ተቆልሎ ያየኛል። ከማስጠረዜ በፊት ትስማው። አይሆንም ካለች አላስጠርዘውም፤ ፍራሽ ቤቱ መጠቅለያ ሲያደርገው ዝም ብዬ አያለሁ።

አንድ ሙሉ ቅጂ ሉኩን እንዳለ ልኬልሃለሁ። አጥፈህ ስፋው፤ እጅህ ከእኔ ይሻላል። የጻፍኩት እኔ መሆኔን አትንገራት። ያለችውንም እንዳለችው ጻፍልኝ።

እህትህ

*

ኅዳር 8

እህት ዓለም፣

ጥቅሉ ደረሰ። ፖስተኛው "ምንድነው ይሄ ሁሉ?" ሲለኝ "መጽሐፌ ነው" አልኩት። አልዋሸሁም፤ የተላከው ለእኔ ነው። ሰዓት ጠጋኙ ግን አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ "የእህቱ ነው፤ እሱ ክሩን ብቻ ነው የሚያዋጣው" ብሎ አዋረደኝ።

እንዲህ ያለ የመጽሐፍ ስፌት ከዚህ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ሉኮቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ መስመር መስመሩን ይዤ በቆዳ ቢላዬ ቆረጥኳቸው። እጠፈው ብለሽኝ ነበር፤ ማጠፍ ለሸሚዝ ነው ብዬ ተውኩት። ግማሾቹ ገጾች በአናታቸው ተዘቅዝቀው ነው የታተሙት። አታሚሽን ተቆጪው፤ ለጊዜው እኔ አቃንቻቸዋለሁ። ከዚያ ከቢላዬ በወጡበት ተራ ደራርቤ በሰም የታሸ ክር በድርብ ስፌት ሰፋኋቸው። ሽፋኑ ከአንድ ቦት ጫማ የተረፈኝ ቡናማ ቆዳ ነው። ጎርፍ ቢወስደው ፊደሉ እንኳ አይርስም። እሺ፣ ፊደሉ ይርሳል፤ ስፌቱ ግን አይፈታም።

ማንበብ የጀመርነው እሁድ ከሰዓት ነው። እማዬ አልጋዋ ላይ ተደግፋ፣ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ።

"የምን መጽሐፍ ነው?"

"ስለ አንዲት ልብስ አጣቢ ነው።"

"ስለ ልብስ አጣቢ ደግሞ ምን ይጻፋል? ትዘፈዝፋለች፣ ታሻለች፣ ታሰጣለች፤ አለቀ።"

"እንግዲህ እንስማው።"

"በል አንብብ። እንደ ጋሪ አታንገጫግጨኝ ብቻ።"

እኔ እንደሆንኩ ሳነብ እንደ ወራጅ ውሃ ነኝ። ማለቴ ድንጋይ ካላጋጠመው። ድንጋይ ሲያጋጥመኝ እማዬ በትዕግሥት ትጠብቀኛለች፣ አንዳንዴም ቃሉን ከእኔ ቀድማ ትለዋለች።

መጽሐፍሽ ግን በጣም ዘመናዊ ነው። ልጅቷ በአንዱ ገጽ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ በሚቀጥለው ጥርስ ታወጣለች። አሁን የሚጻፈው እንዲህ ይሆናል ብዬ ቀጠልኩ። ባልየው ላይ ስንደርስ ግን ተቸገርኩ። ጠዋት ለጭነት ሥራ ይወጣል፣ ማታ ጃኬቱን ብቻ ያመጡላታል። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ ጃኬቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። እማዬም ሻሿን ነካ ነካ አደረገች። ገጹን ስገልጠው ባልየው በር ላይ ቆሞ የጫማውን አቧራ ያራግፋል።

"እንዴ" አለች እማዬ።

ምን ልበላት? አንደኛ የወጣሁ ሰው መጽሐፉ አልገባኝም ልበል? ወዲያው እንደተጻፈ አድርጌ ጨመርኩበት። "ለካ ሳሙና ሊገዛ ሄዶ ነበር" ብዬ አነበብኩላት። "ወረፋው ረዝሞበት ቆየ። ጃኬቱንም ሱቁ ውስጥ ረስቶት ነው።"

እማዬ ትንሽ አሰበች። "ሳሙና?"

"ሳሙና።"

"ታዲያ ገዛ?"

"ገዛ እንጂ። ሽታው ጥሩ የሆነውን።"

"አይ እሱ" አለች። "መቼም ወረፋ ላይ ወሬ ከያዘ አይመለስም።"

እንግዲህ የመጽሐፉን ሰውዬ ነው ያለችው። እኔ ግን ያን ቀን ሱቄ ስመለስ አባዬ ወረፋ ላይ ሆኖ ሲስቅ እያየሁት ነው የሄድኩት።

ጉልበቷን በተመለከተ ምን ላድርግ? አብጧል። እሺ ካልሽ ላሽላት።

ወንድምሽ፣ አንባቢው

*

ኅዳር 19

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሳነብ ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አራሚዋ ውሃ ይዛ ሮጣ መጣች፤ መርዶ መስሏት። "ወንድሜ መጽሐፌን እንደ ጫማ ሰፋው" አልኳት። አሁን ሁለታችንም ሥራ ፈተን ስንስቅ ነው የዋልነው።

ስማኝማ። ሉክ ላይ ገጾች በተራቸው አይታተሙም። ወረቀቱ ሲታጠፍ፣ እንደገና ሲታጠፍ ነው ሁሉም ቦታ ቦታውን የሚይዘው፤ የተዘቀዘቁትም የሚቃኑት ያኔ ነው። አታሚዬን አትቆጣው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከጠራዦች ጋር ስውል ሰው ሁሉ ይህን የሚያውቅ እየመሰለኝ መጣ። ግን ከየገጹ ግርጌ ያሉትን ቁጥሮች አላየሃቸውም?

እባክህ ፍታውና በቁጥሩ ተራ እንደገና ስፋው። እንደገናም አንብብላት። በተዘበራረቀ መጽሐፍ እሺ ብትለኝ እሺታው የእሷ አይሆንም። በአንድ ነገር ላስቸኩልህ። ጠራዡ ወረፋ የያዘልኝ እስከሚቀጥለው ወር ነው። ከዚያ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ይገቡለታል፤ እነሱ ከገቡ እንደኛ ያለ ትንሽ አሳታሚ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። የእኛ ኑሮ በትልልቆቹ ወረፋ መሐል በተገኘው ቀዳዳ ሾልኮ መግባት ነው። ጊዜ እየሮጠብኝ እንደሆነ ግን ለእማዬ አትንገራት። በግድ እሺ እንድትል አልፈልግም።

ጉልበቷ አብጦ እያለ አትሻት። እግሯን ከፍ አድርጋ ትተኛ፤ እብጠቱ ሲጎድል ሙቅ ውሃ በፎጣ አድርግላት። ከእኔ የመጣ ነው አትበላት።

የሳሙናውን ቦታ ደጋግሜ አነበብኩት። አባዬን የማስታውሰው በጃኬቱ ብቻ ነው። ወረፋ ላይ ወሬ እንደሚይዝ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 6

እህት ዓለም፣

ቁጥሮቹን አይቻቸዋለሁ። ማየቱንማ ማን እንደኔ። ልካቸው መስሎኝ ነው። ጫማ ውስጥ ቁጥር ካለ ልኩ ነው፤ አርባ ሁለት ካለ አርባ ሁለት ነው። ገጹ አሥራ ስድስት ሲለኝ "ከሌሎቹ አይበልጥም፣ ታዲያ ለምን አሥራ ስድስት ቁጥር አሉት?" ብዬ ተገርሜ አለፍኩ። ይህን ለሰዓት ጠጋኙ ብትነግሪው ሱቄን ዘግቼ ከከተማው እወጣለሁ።

ስፌቱን ፈታሁት። እንዲህ የሚያስቸግር ስፌት ገጥሞኝ አያውቅም፤ የሰፋው ሰውዬ ጎበዝ ነው። ከዚያ በቁጥሩ ሰፍቼ ወደ እማዬ ሄድኩ።

"ከመጀመሪያው ልንጀምር ነው" አልኳት።

"ምን ሆነህ?"

"የሰፋው ሰው ተሳስቶ ነው።"

"የሰፋኸው አንተ አይደለህ?"

"አዎ፣ እሱ ሰውዬ ነው።"

ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ ተቀመጠችና ሻሿን አስተካክላ አሰረች። ፎቶ ልትነሳ የሄደች ነው የምትመስለው። ቆይቼ ሳስበው የመጀመሪያዋ እሁድ ካለፈች ወዲህ ላነብላት ስመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ ነበር።

ባልየው ጠዋት ወጣ። ጃኬቱን አመጡላት። ገጹን ገለጥኩት፤ ሴትየዋ ብቻዋን ልብስ ታሰጣለች። እማዬ ጠበቀችኝ።

"ሳሙናውስ?" አለች።

"ሳሙናው የለም፣ እማዬ። እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

መጽሐፉን ልዘጋው ስል "ቀጥል" አለችኝ።

በሦስት እሁድ ጨረስነው። የመጨረሻዋን ቃል አንብቤ ቀና ስል እያየችኝ ነው።

"የጻፈችው እሷ ናት" አለች። እየጠየቀችኝ አልነበረም።

ቃልሽን ልጠብቅ ብዬ "እሷ ማን?" አልኳት።

"አታሹፍ። የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት። የትምህርት ቤቱን አጥር ከእኛ ሌላ ማን ያውቀዋል? አድርሻት ዞር ብዬ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ፣ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ነበር የምሄደው። ያላየችኝ መስሎኝ ነበር።" ቀጥላም "ታየኝ ነበር ለካ" አለች።

"ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"ብናገር ማንበብ ታቆማለህ።"

ከዚያ ደፍሬ ጠየቅኳት። "እሺ ካላልሽ አላስጠርዘውም ብላለች። ምን ልበላት?"

"ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቃለች?" አለችኝ።

ቃል በቃል ነው የጻፍኩልሽ። ግን ሁለት ነገር አዛለች። አንደኛ፣ መጽሐፍሽ ውስጥ አንድ ስህተት አለ። "እናቷ አትዘፍንም ነበር" የሚል ጽፈሻል። እማዬ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። "እዘፍን ነበር እንጂ። አንተ ወደ ጫማህ፣ እሷ ወደ ትምህርቷ ስትወጡ እዘፍን ነበር። ስትመለሱ ደክሞኝ ነው ዝም የምለው።" ምን እንደምትዘፍን ጠየቅኳት። "ላንተ ደግሞ ልዝፈንልህ? ይልቅ ወደ ሥራህ ሂድ" አለችኝ። ሁለተኛ፣ ለሰው ሁሉ እንደጻፍሽው ይሁን፣ ለእሷ ግን እንደ መጀመሪያው የተሰፋውን ትፈልጋለች። ሳሙናው ያለበትን።

ሲያልቅ እማዬ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። የሚያነብ ሰው ማልቀስ አይችልም፤ ፊደሉ ይጠፋበታል።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 18

ወንድም ጋሼ፣

"ታየኝ ነበር ለካ" የምትለውን አንብቤ ደረጃው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። አይቻት ነበር። ብዞር ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነው ሁሌ አንገቴን ቀና አድርጌ የምቀመጠው። አስተማሪው ጎበዝ ተማሪ ናት ይል ነበር።

ስለ ዘፈኑ። ሉኩ ታትሟል፤ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብለን እንደገና አናሳትመውም። ግን የእኛ ሙያ ለዚህ መላ አለው። ስህተት ከታተመ በኋላ ሲገኝ መዳፍ የምታህል ወረቀት ታትማ በየመጽሐፉ ውስጥ ትገባለች። ጸሐፊዎቼ ይጠሏታል፣ ታዋርደናለች ይላሉ። እኔ ደግሞ አትፈሩ እላቸዋለሁ፤ ከመጽሐፋችሁ ሁሉ ተመልሳችሁ እንዳያችሁት የምትመሰክር እሷ ብቻ ናት። የእኔ እንዲህ ትላለች፦

እርማት፦ በገጽ 31 "እናቷ አትዘፍንም ነበር" የሚለው "እናቷ ልጆቿ ሲወጡ ትዘፍን ነበር" ተብሎ ይነበብ።

አንብብላት። ልክ ካልሆነ ንገረኝ።

ግን የመጨረሻዋ መስመርህ እንቅልፍ ነስታኛለች። እማዬ አለቀሰች ብለሃል። እኔ ስለ አባዬ ሞት ስታወራ እንኳ ስታለቅስ አላየኋትም። ክሊኒኩን ስለቅም አላለቀሰችም፤ ፊቷን ብቻ ነው ያዞረችው። እሺ ያለችው ለእኔ ብላ፣ ያለቀሰችው ግን እውነቷን ቢሆንስ? ስለዚህ ጠራዡን ቆይ አልኩት። ተናዷል፤ እስከ ጥር አጋማሽ ካልመጣሽ ወረፋውን ለሌላ እሰጠዋለሁ አለኝ። የት ላይ ነው ያለቀሰችው? የትኛው ገጽ፣ የትኛው መስመር ላይ? ንገረኝና ያንን ገጽ አስወጣዋለሁ። ካላወቅሁ አላስጠርዘውም።

ሌላ ቅጂ ሉክ ልኬልሃለሁ። ሳሙና ያለበትን እንደ ልብህ ስፋው፤ ሳታጥፍ።

እህትህ

*

ጥር 2

እህት ዓለም፣

ጠራዡ ጋ ሂጂ። ደብዳቤውን ስትጨርሺ አይደለም፣ አሁን። የቀረውን መንገድ ላይ እያነበብሽ መሄድ ትችያለሽ፤ እኔ እንኳ በዕድሜዬ መንገድ ላይ ማንበብ ጀምሬ ትናንት ከአንድ አህያ ጋር ተጋጭቻለሁ። አህያው ነው ይቅርታ ያልጠየቀው።

እርማቷን ለእማዬ አነበብኩላት። ደብዳቤሽን ስትቀበለኝ መስመሯ የትኛዋ እንደሆነች በጣቴ አሳየኋት።

"ይህችው ናት?" አለች።

"አጭር ናት።"

"ዘፈኑም አጭር ነበር" አለች። መስመሯን በጥፍሯ እየተከተለች ቆየች። "ልክ ናት በላት።" ከዚያ ያቺን ቁራጭ በመቀስ አስቆርጣ ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት። ስለዚህ ደብዳቤሽ አሁን መሐሉ ቀዳዳ ነው።

እሁድ ደውዪ። አትዘጋብሽም። ግን በመጽሐፍ እንዳትጀምሪ። "ነርስነቷን ረስታው ካልሆነ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኝ" ብላለች። ሙቅ ውሃውን በፎጣ ሳደርግላት ገና "ይህን ምክር ከጫማ ነው ያገኘኸው?" ብላ ስቃብኛለች፤ ከማን እንደመጣ ታውቃለች።

የእሷ መጽሐፍ ተሰፍቷል። ሽፋኑን ጥቁር ቆዳ አደረግኩት። አባዬ ይወጣል፣ ጃኬቱ ይመጣል፣ ገጹ ሲገለጥ በር ላይ ቆሞ አቧራውን ያራግፋል። ሳሙናውን የትም ቦታ አልጻፍኩትም፤ እዚያ ስንደርስ በቃሌ እለዋለሁ። ባለፈው "ሁለት ሳሙና ገዛ" ብል "ባለፈው አንድ ነበር" ብላ አረመችኝ።

የእኔ መጽሐፍም ወደፊት እየሄደ ነው። በምክርሽ መሠረት የመጀመሪያውን ገጽ ጣልኩት። ያኔ ሁለተኛው የመጀመሪያ ሆነ፤ ምክር ምክር ነው ብዬ እሱንም ጣልኩት። አሁን የቀረኝ የጫማው ሥዕል ነው። ሰዓት ጠጋኙ እስካሁን ካነበበው ሁሉ ምርጡ ነው ይላል።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። የትኛው መስመር ላይ ነው ብለሻል።

አጥሩ ያለበት ገጽ ላይ ነው። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሳትዞር በዓይኗ ጫፍ በአጥሩ ቀዳዳ እናቷን የምታይበት። ከዚያ ቀጥሎ አንዲት መስመር አለች፦ "ከእናቷ ጎን ወንድሟ የልብስ ጥቅሉን ተሸክሞ ቆሟል፤ እናቷ ከሄደች በኋላ እሱ ነው ቶሎ የማይሄደው።" የመጀመሪያ እሁድ ያቺን መስመር አንብቤያት ነበር። ግን ያኔ ፊደሉን ለመያዝ ስታገል ነገሩን አልያዝኩትም፤ የሆነ ልጅ መስሎኝ አለፍኩት። በሁለተኛው ተራ፣ ሁሉም በየቦታው ሆኖ ሳነባት ነው የደረስኩባት። ጥቅሉ ይከብድ ነበር፣ እህት ዓለም። የማልሄደው ግን ከብዶኝ አልነበረም። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን እያየሁ ነው። እንዳየሽኝ አላውቅም ነበር። መጽሐፍ ውስጥ እንዳለሁም ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ አንብቤ ነው ያገኘሁት።

ድምፄ ቆመ። እማዬ ድንጋይ የገጠመኝ መስሏት ጠበቀችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ሆነሃል?"

"ፊደሉ ደቃቅ ነው" አልኳት።

"ና ወደዚህ" አለችና በሻሿ ጫፍ ፊቴን እንደ ልጅ ጠረገችው። እሷ ደህና ነበረች። ዓይኗም አልቀላም። እንዲያውም ፈገግ ብላ ነበር።

ወስፌ ሲበሳው ያፏጨ ሰው ይህን መጻፍ ስላልቻለ ነው ያን ደብዳቤ ሲጨርስ ትንሽ ጨው የጨመረው። ለአሳታሚህ ንገራት ስላልሽ፣ ወረቀቷንም እንዴት እንደምትጻፍ ስላስተማርሽኝ፦

እርማት፦ በታኅሣሥ 6 ደብዳቤ መጨረሻ "እማዬ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም" የሚለው "እማዬ አላለቀሰችም። እኔ አለቀስኩ" ተብሎ ይነበብ።